የነዳጅ መፍሰስ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ በ2008 በናይጄሪያ ሪቨርስ ግዛት፣ በኦጎኒ ምድር፣ ቦዶ በተሰኘው አካባቢ የሚያልፍ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ሁለት ጊዜ አፈሰሰ። ነዋሪዎች ዓሣ የሚያሰግሩበት የውኃ ዳርቻ ጠቆረ፤ በእርሻና በዓሣ የሚተዳደረው ሕዝብ ኑሮው ተናጋ። ጉዳቱ መድረሱን የካደ አልነበረም። ለዓመታት ያከራከረው በመዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው።

ስለ መጀመሪያው አደጋ የተዘጋጀው የምርመራ ሰነድ የፈሰሰው ነዳጅ 1 ሺህ 640 በርሜል መሆኑን ገልጿል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ የቪዲዮ ማስረጃውን በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሮ መጠኑ ከ103 ሺህ በርሜል እንደማያንስ አስታወቀ። ልዩነቱ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። መፍሰሱ የጀመረበት ቀንም ቢሆን አላስማማም፤ ኩባንያው በጥቅምት ወር መጀመሪያ ነው ሲል፣ ነዋሪዎቹ በነሐሴ ወር መጨረሻ ነው አሉ። እ.ኤ.አ በ2014 በለንደን ፍርድ ቤት በቀረቡ ሰነዶች፣ የሼል የናይጄሪያ ኩባንያ የፈሰሰው መጠን አስቀድሞ ከተመዘገበው እንደሚበልጥ አመነ። በተከታዩ ዓመት ጥር ወር ለቦዶ ሕዝብ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ።

አንድ ሰነድ ይህን ያህል ክብደት የሚኖረው ለምንድን ነው? በናይጄሪያ ነዳጅ ሲፈስ የኩባንያው፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና የአካባቢው ሕዝብ ተወካዮች በጋራ ቦታው ድረስ ሄደው የመፍሰሱን ምክንያት፣ መጠንና የተበከለውን የቦታ ስፋት መዝግበው ይፈርማሉ። ምክንያቱ የቧንቧ እርጅና ወይም ዝገት ከተባለ ኩባንያው ካሳ ይከፍላል። ስርቆት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳት ከተባለ ግን ገበሬው ካሳ አያገኝም። እንግዲህ በቅጹ ላይ የምትሰፍር አንዲት ቃል የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ትወስናለች።

መዝገቡ ሲከፈት ምን እንደሚከተል ናይጄሪያ ራሷ አሳይታለች። ሼል እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ የምርመራ ሰነዶቹን በድረ ገጹ ማውጣት ጀመረ፤ በ2006 የተቋቋመው ብሔራዊ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲም ፍሳሾቹን በካርታ የሚያሳይ የመረጃ ቋት ለሕዝብ ከፈተ። ከልዩ ልዩ አገራት የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች ሰነዶቹንና ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። አምነስቲ ውጤቱን ተመልክቶ ቢያንስ በ89 ፍሳሾች ላይ የተመዘገበው ምክንያት አጠራጣሪ መሆኑን ገለጸ። ሰነዶቹ ተቆልፎባቸው ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ጥያቄ ማንም ሊያነሳው አይችልም ነበር።

ይሁን እንጂ የተከፈተ መዝገብ ሁሉ እውነተኛ መዝገብ ነው ማለት አይደለም። ቋቱ የሚይዘው የተነገረውን ብቻ ነው። የናይጄሪያ ሕግ ፍሳሽን በ24 ሰዓት ውስጥ ያላሳወቀ ኩባንያ በየቀኑ 500 ሺህ ናይራ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ለግዙፍ ኩባንያ ግን ይህ ከባድ ቅጣት አይደለም። መረጃ ሲዘገይ ዋጋው በጤና ይከፈላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በኦጎኒ አንድ መንደር ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካንሰር አምጪ የሆነው ቤንዚን የተባለ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን 900 ጊዜ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ሀብት አለን። የሕግ መሠረቱም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፣ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዘገባዎች ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ነገር ግን መጠየቅ የሚችለው መዝገቡ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለሆነም መቼ፣ የት፣ ምን ያህል፣ በምን ምክንያት እንደፈሰሰ፣ ማን እንደተቀጣና ጽዳቱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ መዝገብ፣ ጠያቂ ሳይጠበቅ፣ አርብቶ አደሩና ገበሬው በሚያውቁት ቋንቋ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጭምር ሊለጠፍ ይገባል። የመዝገብ ሥርዓት የሚዘረጋው ከአደጋ በፊት ነው፤ አበው ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ለዚህ ነው።