የዕዳ መጠየቂያ ደብዳቤና የባለዕዳው መልስ

ዱቤ ከንግድ ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው። ነጋዴው ዕቃውን ዛሬ ሰጥቶ ዋጋውን ለከርሞ ወይም ለወር ይቀጥራል፤ ደንበኛውም ሸጦ እከፍላለሁ ብሎ ይወስዳል። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡ ሳይመጣ ሲቀር የሂሳብ ሹሙ ወረቀት ያወጣና «ዕዳዎን ባስቸኳይ ይክፈሉ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። በየድርጅቱና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥራ የያዙ ወጣቶች ከሚታዘዟቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይኸው ደብዳቤ ስለሆነ፥ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ማውሳት ወደድን።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1751 ሕጋዊውን ወለድ በዓመት ከመቶ 9 አድርጎ ወስኗል። ገበያው ግን በዘጠኝ አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከመቶ 30 አልፎ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንግዲህ 240,000 ብር አንድ ዓመት ያዘገየ ባለዕዳ በሕጉ ወለድ የሚጨምረው 21,600 ብር ነው። ያው ዕቃ ዋጋው ከመቶ 30 ከጨመረ ግን ነጋዴው መጋዘኑን መልሶ ለመሙላት 72,000 ብር ተጨማሪ ማግኘት ይኖርበታል። ልዩነቱን የሚከፍለው ባለገንዘቡ መሆኑ ነው። መዘግየት ትርፍ በሆነበት ዘመን ባለዕዳ ለምን ይቸኩላል?

ከዚህም የባሰ አለ። ያቺ ዘጠኝ እንኳ መቁጠር የምትጀምረው ባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን አንሥቶ ነው። በውሉ ላይ «ቀኑ ካለፈ ያለማስጠንቀቂያ እንዳጠፋ ይቈጠራል» የሚል ቃል ካልተጻፈ በቀር፥ አንቀጽ 1772 ባለገንዘቡ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ «ይሉኝታ ይዞን ነው» እያለ ደብዳቤውን ወር ከወር የሚያስተላልፍ ድርጅት፥ ከላይ ባነሣነው ሂሳብ በየወሩ 1,800 ብር ይጥላል። ዕዳው ሳይደርስ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም ዋጋ የለውም፤ የመክፈያው ቀን ማለፉን አረጋግጦ መጻፍ ያሻል።

በጥንቱ ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቈራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር የታወቀ ነው። ዛሬ በሰንሰለቱ ፈንታ ወረቀት ቢገባም፥ የማቈራኘቱ ጠባይ ከአንዳንዱ ጸሐፊ ብዕር ገና አልወጣም። «በፖሊስ አስይዝሃለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ዕዳ አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ ሌላ ነገር ነው፥ እርሱን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ለብቻው ይቀጣል። ይባስ ብሎ የባለዕዳውን ፎቶግራፍና ስም በቴሌግራም የሚለጥፍም አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል፤ ማስፈራራትና ስም ማጥፋትም በወንጀል ሕጉ ያስከስሳሉ። ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ የሄደው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ እስከላከ ድረስ ዕዳው በይርጋ የማይጠፋ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በአንቀጽ 1845 የተወሰነው ጠቅላላ የ10 ዓመት ይርጋ በአንቀጽ 1851 መሠረት የሚቋረጠው ባለገንዘቡ ክስ ሲመሠርት፥ ወይም ባለዕዳው ራሱ ዕዳውን ሲያምን ነው፤ ለምሳሌ ወለድ ወይም ከፊሉን ሲከፍል፥ መያዣ ወይም ዋስ ሲሰጥ። የእኛ ጽሑፍ ወለዱን ያስጀምራል እንጂ ይርጋውን አያቆምም። ይርጋውን የሚያቆመው የእርሱ መልስ ነው። እንግዲህ የደብዳቤው ብርታት የሚለካው ባለዕዳውን በማስደንገጡ ሳይሆን መልስ በማስጻፉ ይሆናል፤ የተሰደበ ሰው ደግሞ ዝም ይላል እንጂ አይጽፍም።

በእኛ አስተያየት ጥሩው ደብዳቤ አጭር ነው። ዕቃው የተሰጠበትን ቀን፥ የደረሰኙን ቁጥር፥ የተከፈለውንና የቀረውን ገንዘብ፥ መክፈያው ያለፈበትን ቀን ይናገራል፤ የደረሰኙን ቅጂ ያያይዛል። ቀጥሎም እንዲህ ቢል መልካም ነው፦ «ሂሳቡ ልክ ከሆነ ከዚህ በታች ፈርመው እንዲመልሱልን፥ ስሕተት ካለበትም እንዲያመለክቱን በአክብሮት እንጠይቃለን። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልተመቸዎ የሚከፍሉበትን ቀንና መጠን በጽሑፍ ይግለጹልን»። ከዚያ በኋላ አግባብ ያለው ጊዜ፥ ለምሳሌ 15 ቀን፥ ይሰጣል። ይህ ጊዜ ካለፈ ለፍርድ ቤት እናቀርባለን ማለት ማስፈራራት አይደለም፤ መብትን መናገር ነው። ብቻ የማያደርጉትን አለመጻፍ ነው። አራት ጊዜ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የደረሰው ሰው አምስተኛውን አይከፍተውም።

ባለዕዳው ፈርሞ ከመለሰ፥ ወይም 5,000 ብር ልኮ «የቀረውን ከመስከረም በኋላ» ብሎ ከጻፈ፥ ሥራው ተጋምሷል። አሥሩ ዓመት እንደ አዲስ መቈጠር ይጀምራል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 መሠረት ልኩ የታወቀ የገንዘብ ጥያቄ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በእጁ ፈርሞ ያመነ ሰው ይህን ፈቃድ የሚያገኝበት ምክንያት እምብዛም አይኖረውም።

ስለ አላላኩ አንድ ነገር ቀርቶናል። ደብዳቤውን ተላላኪው ሲያደርስ ተቀባዩ በቅጂው ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላክ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ውጤት ስለሰጠ በኢሜይል መላክም ይቻላል፥ ግን መድረሱን የሚያሳይ መልስ መያዝ ያስፈልጋል። የተፈረመበት ቅጂ ከወጪ ደብዳቤዎች ፋይል ጋር ተቀላቅሎ እንዳይቀር፤ ከውሉና ከደረሰኙ ጋር በአንድ አቃፊ ይቀመጥ፥ ጸሐፊው ሲለወጥም በርክክቡ ዝርዝር ላይ ይግባ።