ፖይንተርን መሸምደድ ይብቃን

የሲን የፕሮግራም ቋንቋ ከምንማረው ተማሪዎች መካከል ፖይንተር ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ «አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ነው» ብሎ የማይመልስ የለም። ነገር ግን ይህን ቃል ከፈተና ወረቀት አውጥተህ ሥራበት ቢባል የሚችለው ጥቂት ነው። ምክንያቱ የአእምሮ ማነስ ሳይሆን ትምህርቱ ከምናውቀው ነገር ጋር አለመያያዙ ነው እላለሁ።

አድራሻ ምን እንደ ሆነ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ማስረዳት አያስቸግርም። ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚሄድ እንግዳ የብሎክና የቤት ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቷ ወደ ቤት ታደርሳለች እንጂ ቤት አይደለችም። ፖይንተርም እንዲሁ ነው። ማሎክ ማለት «ይህን ያህል ስፋት ያለው ቤት አከራየኝ» ማለት ነው፤ ቤት ከታጣ ባዶ አድራሻ ይመለሳልና ሳያረጋግጡ መግባት አይገባም። ፍሪ ቁልፉን መመለስ ነው። ቁልፉ ከተመለሰ በኋላ ግን ቁጥሩ ከወረቀታችን ላይ አይፋቅም፤ በዚያ ተመርቶ የሚገባ ሰው የሌላ ተከራይ ዕቃ ያተራምሳል። ቁልፉን ሳይመልስ ወረቀቱን የጣለ ደግሞ ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ድረስ ቤቱን ዘግቶ ያስቀራል።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ነው። የምንማርባቸው ምሳሌዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ቃል የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ወደ ዩኒኮድ የገባው የአማርኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ላፍቶ» 3 ፊደል ነው፤ ስትርሌን ግን 9 ይላል፤ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር 10 ባይት ያስፈልጋል። ፊደል ቆጥሮ 4 ባይት የጠየቀ ተማሪ በ6 ባይት የጎረቤቱን አጥር ጥሷል። ይባስ ብሎ ማሎክ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀው አስፍቶ ስለሚሰጥ ስሕተቱ በላቦራቶሪ ሳይታወቅ ያልፋል፤ የሚገለጠው ስሙ ረዘም ያለ ባለጉዳይ መስኮት ላይ ሲቆም ነው።

«ፓይተን እያለ ሲ ለምን?» የሚሉ አሉ። በሰፊው የምንጠቀምበት ፓይተን ራሱ በሲ የተጻፈ ነው፤ መሠረቱን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን መገኘት አለበት።

ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምሳሌውን በአማርኛ ቃል ቢሰጡን፣ በፈተናም ትርጓሜ ከመጠየቅ ይልቅ የሜሞሪውን ንድፍ እንድንሥል ቢያዙን መልካም ነው። እኛም ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችን በፊት ሣጥኑንና ቀስቱን በወረቀት እንሣል። ያገራችን ሰው ስሙ ሳይቆረጥ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም ሌላ መጥቶ አይጽፍልንም።