መኪናን ከፍ ስለ ማድረግና ስለ መሪው ደኅንነት

ከዋናው ጐዳና ወጥቶ ወደ ሩቅ ወረዳ ወይም ወደ ገዳም የሚጓዝ ሰው፤ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ እንዳይመታበትና የወንዝ ውሃ እንዳያቆመው በማሰብ መኪናውን ከፍ ቢያስደርግ በአሳቡ አይነቀፍም። በክረምት የከባድ መኪና ጐማ መንገዱን ቈፍሮ መካከሉን ጕብታ አድርጎ ሲተወው፤ ዝቅ ያለ መኪና በሆዱ ተቀምጦ ጐማው በከንቱ ይሽከረከራል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሀገረ ስብከት እጅ ካሉት የገጠር መኪናዎች አንዳንዶቹ ወደ ጋራዥ ገብተው አምስትም ስምንትም ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይወጣሉ።

የሚያሳስበው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከፍ የተደረገው መኪና ቆሞ ሲያዩት ግርማ አለው። በመንገድ ላይ ግን ነጂው ቀጥ ባለው አስፋልት ሳይቀር መሪውን ወዲህና ወዲያ ያለ ዕረፍት ሲያቃና ይታያል፤ ከታጠፈ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም፤ ጕድጓድ ባገኘ ጊዜም መኪናው ወዳልታዘዘበት ወገን ይዘላል። ይህ ሁሉ በነጂው ስንፍና ይመካኛል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን፤ መኪናውን ከፍ የማድረጉ ሥራ በግማሽ መተዉ ነው።

ምክንያቱ ለማንም ሰው ሊገባ የሚችል ነው። የፊት ጐማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ አናቱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ ከጐን ያየ ሰው ይህንኑ ዝንባሌ ያገኘዋል። የታጠፈውን ጐማ ወደ ቀጥታው የሚመልሰው፤ በፍጥነትም ጊዜ እንዳይቅበዘበዝ የሚይዘው ይህ ዝንባሌ ነው። ላንድ ክሩዘር 70 የሚባለው ዐይነት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ዓ. ም. በወጣ ጊዜ ከባዶቹ ሞዴሎች ከፊት በባሌስትራ የተቀመጡ ነበሩ፤ በ1999 ዓ. ም. ግን የፊቱ ወደ ሞላ ተለወጠ፤ አክስሉም ከሻንሲው ጋር በሁለት ረዣዥም ክንዶች ታሰረ። እንግዲህ ሞላው በረዥም ሞላ ሲተካ ሻንሲው ወደ ላይ ይወጣል፤ የክንዶቹም የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሣል፤ አክስሉም ከነዘንጉ ወደ ፊት ይንከባለላል። ክንዱ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ሦስት ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ያጠፋል። ይህን በመሳሰሉት ብዙ መኪናዎች ዘንድ ፋብሪካው የሰጠው ጠቅላላ ዝንባሌ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ አይደለም። መሐንዲሶች በብዙ ድካም ያገኙት ልክ በአንድ ቀን የጋራዥ ሥራ ይጠፋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ከሞላው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ከባድ አይደለም። ቀዳዳው ከመካከል ገለል ተደርጎ የተሠራ ቦኮላ፤ ወይም ለዚሁ ከፍታ ታስቦ የተበጀ ክንድ የጠፋውን ዝንባሌ ይመልሳል። በባሌስትራ ለተቀመጠው ደግሞ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ብረት አለ። ይህ ሳይደረግ የተሰጠ መኪና ሥራው አልቋል ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። አክስሉ ወደ ጐን እንዳይሸሽ የሚይዝ አንድ አግዳሚ ብረት አለ፤ አንዱ ጫፉ በሻንሲው ላይ፤ ሌላው በአክስሉ ላይ የታሰረ ነው። ከመሪው ወደ ጐማው የሚሄደውም ባራ ከዚህ ብረት ጋር በአንድ ዝንባሌ ጐን ለጐን ይሄዳል። ሁለቱ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ትልሙ ይጣመማል። መኪናው ከፍ ሲል የሁለቱም ዝንባሌ ይለወጣል፤ አክስሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ መሪውም ከመካከል ይወጣል። ይህን ለማቃናት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ሌላውን እንደ ነበረ የሚተው ሠራተኛ ከቀድሞው የባሰ ጥፋት ያመጣል፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጕድጓድ ነጂው ሳያዝ ጐማውን ያጥፈዋልና።

ከሁሉ የሚያስፈራው በጠንካራ አክስል ላይ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ ነው። መኪናው በሰዓት ሰባና ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ ጕድጓድ ይመታና የፊቱ ጐማዎች በድንገት ግራና ቀኝ ይርገፈገፋሉ፤ መሪውም ከእጅ ለመውጣት ይታገላል። በአሜሪካ የጂፕ ባለቤቶች ይህን «የሞት መንቀጥቀጥ» ብለው ሰይመውታል። ምክንያቱ የላላ ብሎን፤ ያለቀ ቴስቲኒ ወይም ቦኮላ፤ ሚዛኑ ያልተስተካከለ ጐማ ሊሆን ይችላል፤ የዘንጉ ልክ ሲዛባና ከባድ ሰፊ ጐማ ሲጨመርበት ደግሞ ትንሹ ልላት ትልቅ ይሆናል። ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚይዙት የመሪውን አሞርዛተር በጠንካራ መለወጥ ነው። መንቀጥቀጡ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ነገር ግን ቍስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ ማሰር ነውና የላላው መላላቱን አይተውም።

ስለ ፍሬንም ሊታሰብ ይገባል። በብዙ ላንድ ክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ላይ የኋላውን ፍሬን ኀይል በጭነቱ ልክ የሚመጥን መሣሪያ አለ፤ እርሱም ሻንሲው ከኋላው አክስል ምን ያህል እንደ ራቀ በትንሽ ዘንግ እየለካ ይሠራል። መኪናው ከፍ ባለ ጊዜ መሣሪያው ይታለላል፤ ጭነት የሌለ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቍልቍል የሚወርድ መኪና፤ በውስጡ ሰው፤ በጣሪያው ላይ የእህል ጆንያ ተጭኖበት፤ የኋላ ፍሬኑ ቢከዳው ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያሻም። ይህን ዘንግ ማስተካከል ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የፍሬኑም ቱቦ አክስሉ ሲንጠለጠል ተወጥሮ እንዳይበጠስ ርዝመቱ በዚያው ሊታይ ይገባል።

የፊት ጐማቸው እየራሱ የሚንቀሳቀስላቸው እንደ ፕራዶና እንደ አዳዲሶቹ ሃይሉክስ ያሉት ደግሞ ብዙ ከፍታ አይሸከሙም፤ ኀይል የሚያደርሰው ዘንግ ከልኩ በላይ ታጥፎ ስለሚሠራ መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፤ መኪናው በእውነት ከፍ ማለት ያስፈልገዋልን የሚለው ነው። ብዙ ዓመት የሠራ መኪና ሆዱ መሬት የሚነካው፤ ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ ስለ ሠራው ሳይሆን ባሌስትራውና ሞላው ስለ ደከሙ ሊሆን ይችላል። እነዚህ በአዲስ ቢተኩ የቀድሞ ቁመቱ ይመለሳል፤ መሪውም አይነካም። ለግርማ ብቻ ከፍ ማስደረግ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው፤ በመንግሥት ወይም በምእመናን ገንዘብ ሲሆንም ይከፋል።

በዚህ ሥራ ብዙ ልምድ ባላት በአውስትራሊያ፤ ከተወሰነ ልክ በላይ ከፍ የተደረገ መኪና የተፈቀደለት መሐንዲስ ሳይመሰክርለት በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲሄድ አይፈቀድም። ከፍታው ሲበዛም መኪናው በፍጥነት እየሄደ ድንገት ከመስመር ወደ መስመር በሚደረግ ፈተና ጸንቶ መቆሙ ይታያል። ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ መኪና በቀላሉ የሚገለበጥ ስለ ሆነ ነው።

በሀገራችን አደጋ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ነጂው ነው። መኪናው ከፍ እንዲል ያዘዘው ሹም፤ ሥራውን በርካሽ ዋጋ የተዋዋለው ክፍል፤ ዝንባሌውን ሳይለካ መኪናውን ያስረከበው ጋራዥ ግን አይነሡም። ነጂው «ጌታዬ፤ መሪው አልታዘዝ ብሎኛል» ብሎ ሲያመለክትም ሥራ እንደ ጠላ ይቈጠርበታል። ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው፤ መኪናውን በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ሰው የሚናገረው ከሁሉ በፊት ሊደመጥ ይገባዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በቃል ትእዛዝ አይሠራ። ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ፤ የዘንጉ ዝንባሌ ከሥራው በፊትና በኋላ ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ፤ ምን ዕቃ እንደ ተለወጠ፤ የፍሬኑም መሣሪያ መስተካከሉ በጽሑፍ ይስፈር፤ ያዘዘውም ሹም ይፈርምበት። መኪናው የዘወትር ጭነቱን ይዞ ይፈተን። አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም ወደ ጋራዡ ተመልሶ ብሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና ይጥበቁ፤ አዲስ የታሰረ ቦኮላና ባሌስትራ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ብሎኑን ያላላልና።