እሳቱ ይነድዳል፣ ፍሪጁ ግን አይቀዘቅዝም

በዚህ ወር ገጻችን ያለ ኤሌክትሪክ፣ በላምባ ወይም በቡታ ጋዝ ስለሚሠራው ፍሪጅ እንነጋገራለን። ፍሪጅ ሲበላሽ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም። የዐረፋ ሥጋ፣ የስኳር ሕመምተኛ አባት ኢንሱሊን፣ የሕፃን ክትባት ሁሉ በአንድ ሣጥን ቅዝቃዜ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ በአውሮፓና በአሜሪካ በይበልጥ የሚታወቀው በመኪና እየተጎተቱ በሚሄዱ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ውስጥ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ጤና ተቋማት ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀመር፣ ከከተማ ርቀው ለሚገኙ ጣቢያዎች የክትባቱን ቅዝቃዜ ከጠበቁት መሣሪያዎች አንዱ የላምባ ፍሪጅ ነበር። ዛሬ በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ ፍሪጆች እየተተካ ነው፤ ሆኖም በየቦታው ያሉት አሮጌዎቹ ዛሬም ይነድዳሉ፣ ዛሬም ይበላሻሉ።

እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?

ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣት የስዊድን መሐንዲሶች ናቸው። በፍሪጁ ጀርባ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አሉ። ከሥር ያለው እሳት አሞኒያውን ከውሃው ለይቶ ያተነዋል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ በጀርባው ቧንቧ ላይ ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ ወደ ፍሪጁ ውስጥ ወርዶ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተናል፤ ሲተንም ሙቀትን ከምግቡና ከመድኃኒቱ ይስባል። በመጨረሻም ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠውና ዑደቱ ይቀጥላል።

ሞተር የለውም፤ የሚንቀሳቀስ አንድም አካል የለውም። ፈሳሹ የሚመለሰው በገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየፈሰሰ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የብልሽቱን ምክንያት ግማሹን አገኘ ማለት ነው።

በቅድሚያ ወለሉን እንይ

ፍሪጁ ዘመም ብሎ ከቆመ ፈሳሹ ቧንቧው ውስጥ ይተኛል፤ እሳቱ እየነደደ ቅዝቃዜው ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከነደደም ቧንቧው እስከ መጨረሻው ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ተጓዦቹ መኪናቸውን ባቆሙ ቁጥር በቅድሚያ ወለሉን የሚያስተካክሉት።

በደንዲ ወረዳ ይህ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። የጊንጪና የአካባቢዋ ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላዩ የተሠራ ወለልም አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። በጥር ቀጥ ብሎ የቆመ ፍሪጅ በነሐሴ ሊያዘነብል ይችላል። ስለሆነም ከክረምት በፊትና በኋላ በግንበኛ ውሃ ልክ፣ እርሱ ከሌለም ውሃ በተሞላ ዝርግ ሳህን ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም እንለካ። ያጋደለውን በጠንካራ ጠፍጣፋ እንጨት እናስተካክል። ካስተካከልን በኋላም እንታገሥ፤ ይህ ፍሪጅ በዝግታ ስለሚሠራ በደንብ ለመቀዝቀዝ እስከ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥሎ እሳቱን

ጤናማ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ከሆነና ካጨሰ ጥላሸት በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጋገራል፤ ሙቀቱም ወደ አሞኒያው አይደርስም። የላምባ ከሆነ ክሩ እኩል ተቆርጦ ይስተካከል፤ ላምባውም ውሃ ወይም ናፍጣ ያልተቀላቀለበት ይሁን። የጋዝ ከሆነ ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በሽቦ መቆርቆር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው በአየር መንፋት ይሻላል። ጭስ ማውጫው ውስጥ የተንጠለጠለውን ጥምዝምዝ ብረት አውጥተን ጥላሸቱን በብሩሽ እንጥረግ፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን እሳቱ ጠፍቶ ፍሪጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አምቦም ጊንጪም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ እሳት በቂ አየር አያገኝም፤ ጥላሸት ያበዛል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ስለሆነም እዚህ የሚሠራ ፍሪጅ ቆላ ካለው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጠረግ ይኖርበታል።

ከዚያም አየሩንና በሩን

የፍሪጁ ጀርባ ሙቀት የሚወጣበት በር ነው። ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ፣ ወይም ከጀርባው ጆንያ ከተወሸቀበት አይቀዘቅዝም። የበሩን ላስቲክ ለመፈተሽ ወረቀት አጣብቀን በሩን እንዝጋና እንሳብ፤ ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው እየሾለከ ነው። በረዶው ጣት ያህል ሳይወፍር ይቅለጥ፤ ትኩስ ወጥም ሳይበርድ አይግባ።

ጥፋቱ ከእሳቱ ነው ወይስ ከቧንቧው?

ፍሪጁ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። በኤሌክትሪክ ቀዝቅዞ በጋዝ እምቢ ካለ ጥፋቱ ከእሳቱ በኩል ነው፤ ይታከማል። በሁለቱም እምቢ ካለ፣ ወለሉ ቀጥ ያለ ሆኖ ከሥሩም እየጋለ ውስጡ ከሞቀ፣ ቧንቧው ተደፍኗል ወይም አፍስሷል ማለት ነው።

ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ወይም በጀርባው ቧንቧ ላይ ቢጫ ዱቄት ከታየ ጊዜ ሳንሰጥ እሳቱን እናጥፋ፣ በርና መስኮት እንክፈት፣ ልጆችን እናስወጣ። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ በእጅ አይነካ። በውስጡ የታመቀው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነውና ማንም በብየዳ እደፍነዋለሁ ቢል አንፍቀድለት። ሽታም ዱቄትም ከሌለ ግን አንዳንዴ የሚረዳ የቆየ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ነዳጁን አውጥቶ፣ የቀዘቀዘውን ፍሪጅ ለጥቂት ሰዓታት በአናቱ ገልብጦ ማቆየት፣ ከዚያም አቅንቶ አንድ ቀን ካሳረፉ በኋላ መለኮስ ነው። ሁልጊዜ አይሳካም።

ውስጥ ያለውስ?

ብክነት (ኢስራፍ) የተጠላ ነው፤ ነገር ግን የተበላሸ ነገር ለልጅ ማብላት ከብክነት መዳን አይደለም። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን እስከ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ሞቆ የቆየ ሥጋና ወተት፣ ሽታው ባይለወጥም እንኳ፣ አይታመንም። ሥጋው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ብልሽቱን ካወቅን እናቶቻችን የሚያውቁት መፍትሔ አለ፤ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ አሽቶ ቋንጣ ማድረግ፣ ወይም ለጎረቤት ማካፈል።

ኢንሱሊን ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ጥላ ሥፍራ 4 ሳምንት ያህል ይቆያሉ፤ ሆኖም ከማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማየት ይገባል። ስለዚህ ፍሪጁ ቆመ ብሎ መርፌውን ማቋረጥ አደገኛ ስሕተት ነው። በአንጻሩ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ቢጠራም አይወጋም።

ክትባትም የሚጎዳው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ እንደ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያሉት በረዶ ከሆኑ ኃይላቸውን ያጣሉ። የላምባና የጋዝ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን በእኩል መጠን መያዝ ስለሚያቅተው ለክትባት የማይመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ልጃችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ የጤና ባለሙያዋ «ፍሪጁ ተበላሽቷል፣ ክትባቱን አልሰጥም» ብትላችሁ አትቆጡ፤ አማናዋን እየጠበቀች ነው። ቀኑን ጠይቁና ሳትሰላቹ ተመለሱ።

በመጨረሻም፣ የሚነድድ ፍሪጅ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ። እሳቱ አየር ሲያጥረው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ላምባም እሳቱ ጠፍቶ ሳይበርድ አይሞላ።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቤታችሁን አላህ ይጠብቅላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።