ስለ እንጨት ቤት አጠባበቅና ስለ ታራሚዎች ሙያ

ቤትን መሥራት ትልቅ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የተሠራውን ቤት መጠበቅ ከመሥራቱ የማያንስ ሥራ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ኖኅ መርከቡን በሠራ ጊዜ እንጨቱን ጠርቦ ማጋጠሙ ብቻ እንዳልበቃ፥ በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቀው መታዘዙን መጽሐፍ ይናገራል። እንጨት ከውሃ ካልተጠበቀ ጸንቶ እንደማይኖር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነውና።

ለዚህም ምስክር ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በላስታ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዓመት እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ዝናምና ፀሐይ ስለማያገኘው እስከ ዛሬ ድረስ ጸንቶ ቆሟል። በአንጻሩ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴዎች ቤቶች፥ ዕድሜያቸው የዚያን ሲሶ እንኳ ሳይሞላ፥ ሰገነታቸው ዘሞ ደረጃቸው ተሰባብሮ ይታያል። እነዚህን ቤቶች የአገሩ አናጢዎች ከሕንድና ከአርመን ባለሙያዎች ጋራ ሆነው የሠሯቸው ሲሆኑ፥ ጌጣቸው ሁሉ ለዝናምና ለፀሐይ በተጋለጠው እንጨት ላይ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከእነዚሁ አንዱ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል ደግሞ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት መጎዳቱ፥ ለብዙ ዘመን የቆየው ሥራ በጥቂት ሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የታየውም ነገር የሚዘነጋ አይደለም። ባለቤቱ ቸል ያለው፥ ምሰሶው የበሰበሰ ቤት፥ ይፍረስ በተባለ ጊዜ ተከራካሪ አያገኝም። ስለዚህ የቤትን እንጨት መጠበቅ ለመልክ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቤቱ ይቁም ለማለት ምክንያት እንዲገኝ የሚያደርግ ሥራ ነው።

የእንጨት ጠላቶች ብዙ ቢሆኑም ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ፀሐይ የላዩን ገጽ ታነጣዋለች፥ ትሰነጣጥቀዋለች፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሻጋታንና መበስበስን ያመጣል፤ ምስጥም ከመሬት ተነሥቶ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ስለዚህ ከቀለም በፊት ውሃውን ከእንጨቱ ማራቅ ይቀድማል። አሸንዳው ተጠርጎ ውሃው በደንብ መውረድ፥ የቆርቆሮው ቀዳዳ መደፈን፥ የምሰሶው እግር ከአፈር ተለይቶ በድንጋይ ላይ መቆም አለበት። ይህ ሳይደረግ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው።

ከዚህ በኋላ ክረምቱ አልፎ፥ እንጨቱ በጥቅምትና በኅዳር በደንብ ሲደርቅ፥ ሥራው ይጀመራል። አቧራውና ሻጋታው በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ፥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይታጠባል፤ በኀይል የሚረጭ ውሃ ግን ያረጀውን እንጨት ስለሚያሻክረው አይጠቅምም። የበሰበሰው ክፍል ብቻ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይተካል፤ ጥድ በጥድ፥ ዝግባ በዝግባ። ደኅናው እንዲሁ ይቀመጣል፤ አሮጌውን ሁሉ ነቅሎ በአዲስ መለወጥ ማደስ አይባልምና። በመጨረሻም የተልባ ዘይት በስሱ እየተቀባ፥ ትርፉ በጨርቅ እየተጠረገ፥ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ሳይደረብ ይፈጸማል፤ ይህም በየጊዜው መደገም አለበት። ብዙ ሰው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በአጥሩና በምሰሶው ላይ ይቀባል፤ ይህ ግን አፈሩን ይበክላል፥ በኋላም ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

ሁለት አደጋዎችም አሉ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፥ በደረቁ ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ ይልቁንም ለሕፃናት መርዝ ነው፤ እያረጠቡ መፋቅና አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ ቢጣል ማንም ሳይለኩሰው ከራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ በውሃ ተነክሮ ወይም ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ ከወዴት ይገኛል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ዐዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲጠብቀው ያዝዛል፥ እድሳቱም በፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ነገር ግን ዐዋጅ ብቻውን መጥረቢያና መላጊያ አይዝም። የቀድሞው አናጢ ዕውቀቱን ለልጁ ሳያወርስ እያለፈ ነው። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ እስከ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ድረስ ሲታይ፥ በግንብ ውስጥ ዓመታቸውን የሚቆጥሩ ብዙ ጎልማሶች ነበሩ፥ ዛሬም በየማረሚያ ቤቱ አሉ። የእንጨት ሥራ በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ እጅ፥ መምህር ቢያገኝ፥ የተጎዳ ሰገነትና የተሰበረ መስኮትም ማደስ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ማረሚያ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 1174 የታራሚን መታነጽ ዓላማው ማድረጉ የታወቀ ነው። ወኅኒ ቤት የነበረው ስም ወደ ማረሚያ ቤት መለወጡም ሥራ ካልተከተለው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በጥንቃቄ ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው፥ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠሩት ደንቦች የታራሚ ሥራ ማሠቃያ እንዳይሆንና ተገቢ ዋጋ እንዲከፈልበት ያዝዛሉ። ስለዚህ ሥራው በፈቃድ፥ በደመወዝ፥ ምስክር ወረቀት በሚሰጥ ትምህርት ሊሆን ይገባል። ሰው በርካሽ የሚገኝ ጉልበት ሆኖ ከተቆጠረ፥ ቤት ታድሶ ሰው ፈረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ የቅርስ፥ የከተማና የማረሚያ ቤት ሹማምንት በአንድነት ተመካክረው፥ አንድ አሮጌ ቤት መርጠው፥ ከአንድ ማረሚያ ቤት ጋራ ቢጀምሩ መልካም ነው። ካህናትም የደብራቸውን የበርና የመስኮት እንጨት ከክረምት በፊት ቢመረምሩ፥ በጊዜ ቢያስጠግኑ፥ ለምእመናን ምሳሌ ይሆናሉ። ከእስር የወጣ ሰው በከተማው ሲያልፍ ይህን ሰገነት እኔ አድኜዋለሁ ለማለት ከቻለ፥ ቤቱም ሰውየውም ተጠብቀዋል።