ማስገባቱስ ይሁን፣ ማስወጣቱስ?

ስለ ሉፕ ልናወራ ነው። የሚያፍር ካለ ገጹን ይዝጋና ነገ ይመለስ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የዛሬው ሉፕ ሉፕ አይደለም። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃክ ሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሠራው ጥምዝምዝ ፕላስቲክ ነው። አሁን በየጤና ጣቢያው ያለው በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ቅርጽ የተሠራ፣ መዳብ የተጠመጠመበት ትንሽ ነገር ነው። ቅርጹ ተለወጠ፣ ስሙ ቀረ። ወሬውም አብሮ ቀረ፤ «ወደ ልብ ይወጣል»፣ «ያመክናል»፣ «ሸክም ካነሳሽ ይወድቃል»።

ወደ ልብ አይወጣም። አያመክንም፤ በወጣ ማግስት ማርገዝ ይቻላል። መውደቅስ አንዳንዴ ይወድቃል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፤ ግን እንስራ በመሸከም አይደለም። ሲገባ የማህፀንን ግድግዳ የሚበሳበት ጊዜም አለ፤ በጣም ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ መዳቡ የወንዱ ዘር እንቁላሉ ጋ ሳይደርስ ያዳክመዋል። ሆርሞን የለውም። አንዴ ከገባ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ካስገቡ 100 ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት አንድም አይሞሉም።

ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን አልተወደደም? እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 27 በመቶው የሦስት ወር መርፌ ተጠቃሚ ናቸው። ሉፕ 2 በመቶ ላይ ቆሟል። የአማራ ክልል በወሊድ መከላከያ አጠቃቀም ከአገሪቱ ቀዳሚዎች መሀል ነው፤ ግማሽ ያህሉ ያገቡ ሴቶች ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ሴቶቹ ስለ ወሊድ መከላከያ ገና አልገባቸውም» የሚለው የስብሰባ አዳራሽ መልስ አይዋጥልንም። ገብቷቸዋል። መርጠውም መርፌውን ወስደዋል።

እስቲ ወደ መንዝ እንውጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ጠዋት ውርጭ ነው። መዳቡ ያለበት ሉፕ የታወቀ ጠባይ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠትም ያመጣል። በሥልጠና መጽሐፍ ላይ ይህ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» ነው። ለማን ነው ቀላል? ለእኛ ከሱቅ ሞዴስ ገዝተን ለምንመለሰው ምናልባት። ጨርቅ ለምትጠቀም፣ ያንን ጨርቅ ለማጠብ ከምንጭ በጀሪካን ውኃ ለምታመላልስ፣ በክረምቱ ጉም ደግሞ ሰው እንዳያይባት ቤት ውስጥ ደብቃ ለምታደርቅ ሴት ቀላል አይደለም። አራት ቀን የነበረው ስምንት ቀን ሲሆን ሌላም ነገር ይመጣል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ጠበል አትጠመቅም። የወሩ ማርያም ያልፋታል፣ እሑድ ያልፋታል፣ ጎረቤት «ምነው ጠፋሽ?» ይላል። ይህን የሚጠይቅ የትኛው የእርካታ መጠይቅ ነው? «በአገልግሎቱ ረክተዋል? አዎ/አይደለም» ብሎ ምልክት ማድረግማ ቀላል ነው።

ይህ ቀድሞ ቢነገራትና አማራጩ በእጇ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። «ለጥቂት ወራት ይበዛል፣ ከዚያ ይረጋጋል፣ ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን ይረዳሻል፣ ካልተስማማሽ በፈለግሽው ቀን እናወጣዋለን» ብትባል ብዙዋ ትታገሣለች። ዐውቃ መታገሥ አለ፣ ተገድዶ መታገሥ አለ። «ሲስተር፣ አውጪልኝ» ስትል «ታገሺው፣ ይለመዳል፤ ገና ብዙ ዓመት አለው» የሚለው መልስ ሁለተኛው ነው። ዕቃው የብዙ ዓመት ነው እንጂ እሷ ለብዙ ዓመት አልፈረመችም።

ጉዳዩን አጋነናችሁት ለሚሉን፦ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ በሺህ በሚቆጠሩ የግሪንላንድ ሴቶችና ልጃገረዶች ማህፀን ሉፕ አስገብታ ነበር፤ ብዙዎቹ ሳይፈቅዱ፣ አንዳንዶቹም ሳያውቁ። መንግሥቷ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። መንዝ ግሪንላንድ ናት እያልን አይደለም፤ የእኛ ሴት ተጠይቃ ነው የምታስገባው። ሲገባ የተጠየቀች ሴት ይውጣልኝ ስትል ካልተሰማች ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ዋጋ አለው?

ለሉፕም እንፍረድለት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲቆራረጥ፣ በየሦስት ወሩ መርፌ የምትወጋ ሴት ቀኗ ያልፋል። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለቤተሰብ ምጣኔ ትልቅ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ እርዳታ ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ መሀል ሉፕ ያላት ሴት ቀጠሮም፣ መኪናም፣ መርፌም አልፈለገችም። የተስማማት ሴት ረክታለች፣ ባሏም ላያውቅ ይችላል። ያልተስማማት ግን ያው የተዘጋ መንገድ ይጠብቃታል። መርፌ ብትሆን በሦስት ወር ሥራው ያልቅ ነበር፤ ሉፕ ካላወጡት አይወጣም። ከጀማ ሸለቆ ዓለም ከተማ ድረስ፣ ከግሼ ገጠር ራቤል ድረስ በእግሯ ወጥታ «ዛሬ ባለሙያዋ የለችም» ብትባል ለጎረቤቶቿ ምን እንደምትነግር መገመት አያቅትም። ያ ወሬ ከማንኛውም ቅስቀሳ ይፈጥናል፤ እውነትም ነው።

እንግዲህ የጤና ቢሮዎቻችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ስንት ሴት እንዳስገባች ስትነግሩን፣ አውጡልኝ ብላ ከመጣችው ውስጥ ስንቷ በዚያው ቀን እንደወጣላት ንገሩን። ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና የለው፣ ማደንዘዣ የለው። ክሩን በመቆንጠጫ ይዞ በቀስታ መሳብ ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ።