አሳዎቹ ክፉ አይደሉም

በዚህ እትም “የኔ ሃሳብ” በሚለው አምድ የምጽፈው በቤተ ሙከራው ውስጥ ስላለው አኳሪየም ነው። የሳይንስ ክበብ አርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ሁለቱ ክሪቤንሲሶች ይውጡ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ይወስናል። እኔ ይቆዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ከስብሰባው በፊት እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። አኳሪየሙ 100 ሊትር ውሃ ይይዛል። ውስጡ 8 ኒዮን ቴትራ፣ 4 ኮሪዶራስ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ክሪቤንሲስ አሉ። ኒዮኖቹ እነዚያ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ኮሪዶራሶቹ ጢም ያላቸው፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲፈትሹ የሚውሉት ናቸው። ሴቷን ክሪቤንሲስ ደግሞ በቀይ ሆዷ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እንግዲህ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ጀምሮ ክሪቤንሲሶቹ ሌሎቹን ማባረር ጀመሩ። የአንዱ ኮሪዶራስ ክንፍም ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ የሚሰማው “ክፉ አሳዎች ናቸው፣ ይውጡ!” የሚል ብቻ ሆኗል።

ግን ለምን እንደሚያባርሩ የጠየቀ አለ? ክሪቤንሲስ ሲክሊድ ከሚባለው የአሳ ቤተሰብ ነው። ሲክሊድ ሲባል የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ የባህር ዳር ልጆች እየበላነው ያደግነው የጣናው ቆሮሶም ሲክሊድ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ክሪቤንሲስ ደግሞ የናይጄሪያና የካሜሩን ወንዞች አሳ ነው። ወንዱ ሲያድግ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ሴቷ ከሱ ታንሳለች። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ዋሻ ውስጥ ነው። እናትየዋ ዋሻው ውስጥ ሆና እንቁላሉን በክንፏ ታራግባለች፣ አባትየው ውጭ ሆኖ ዘብ ይቆማል። እንቁላሉ በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ሳምንት ያህል ሲሞላው ጫጩቶቹ መዋኘት ይጀምራሉ፣ ወላጆቻቸውም ከፊትና ከኋላ ሆነው ይመሯቸዋል። ብዙ የአሳ ዓይነት እንቁላሉን ጥሎ ነው የሚሄድ፤ እንዲያውም ተመልሶ ይበላዋል። እነዚህ ግን ልጅ አሳዳጊዎች ናቸው።

በኛ አኳሪየም በግራ በኩል የተጋደመችውን የሸክላ ማሰሮ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከሥሯ እንደ ትንኝ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ታያላችሁ። ጫጩቶች ናቸው! ጸቡ የተጀመረው እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ ነው። ጫጩት ያላት ዶሮ ግቢ ውስጥ ውሻ ስታባርር አይታችሁ አታውቁም? ማንም ሰው “ይቺ ዶሮ ክፉ ናት” ብሎ ከግቢ አያስወጣትም። ታዲያ አሳ ሲሆን ለምን ፍርዱ ይለወጣል?

ኮሪዶራሱም ቢሆን ጥፋት የለበትም። ምግቡን በጢሙ እየዳበሰ የሚፈልገው ከታች ነው፤ እንቁላል ካገኘም ይበላል። ሲያባርሩት ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ለክሪቤንሲሶቹ ሌባ ነው፣ ለራሱ ግን ራቱን ፈላጊ ነው። ኒዮኖቹን ደግሞ ልብ በሉ፤ አንዳቸውም አልተጎዱም። ለምን መሰላችሁ? እነሱ የሚዋኙት መሃል ላይና ከዚያ ከፍ ብለው ነው፣ ፈጣኖች ናቸው፣ በቡድን ይሄዳሉ። አኳሪየምን እንደ ፎቅ ቤት አስቡት። ክሪቤንሲስና ኮሪዶራስ ሁለቱም ምድር ቤት ተከራይተዋል፣ ኒዮኖቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ጸቡ ምድር ቤት ያለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አሳ አብሮ ሲቀመጥ መታየት ያለበት ቀለሙ ብቻ አይደለም። ውሃው፣ መጠኑ፣ ጸባዩና የሚኖርበት ፎቅ መታየት አለበት። ኦስካር የሚባለው አሳ ሲክሊድ ነው፣ ያምራልም፤ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፣ ኒዮኖቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ከማላዊ ሐይቅ የሚመጡት ቢጫና ሰማያዊ ሲክሊዶችም ያምራሉ፤ ግን ውሃቸው ማዕድን የበዛበት ነው፣ እርስ በርስም በጣም ይጣላሉ። ጎልድ ፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፣ የኛ አሳዎች ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ወይም ስላማሩ ብቻ አብረው አይኖሩም።

አሁን በተማሪዎች ወደቀረቡት ሃሳቦች ልምጣ።

አንደኛው “ጣና ውስጥ እንልቀቃቸው” የሚለው ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ጣናን ምን እንዳደረገው እኛ ስለምናየው መጽሐፍ አያስፈልገንም። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የባርበስ አሳዎች አሉ። ከሌላ አገር የመጣ አሳ ምን በሽታ ይዞ እንደሚገባ ማን ያውቃል? አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ በመረብ ለቅሞ መመለስ አይቻልም።

ሁለተኛው “እነሱን አውጥተን የራሳችንን ቆሮሶ እናስገባ፣ በነጻ ይገኛል” የሚለው ነው። እኔም ቆሮሶ እወዳለሁ፤ ግን ቆሮሶ ሲያድግ ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። 100 ሊትር ውስጥ መዞሪያም አያገኝ። ለቆሮሶ ጣና ይሻለዋል።

ሦስተኛው “ገንዘብ አዋጥተን ሌላ አሳ እንጨምር፣ ሲበዙ ጸቡ ይቀንሳል” ይላል። አኳሪየም ሚኒባስ አይደለም፣ “ጠጋ ጠጋ በሉ” እየተባለ አይሞላም። አሳ በበዛ ቁጥር ኩሱ ይበዛል፣ ውሃውም ይመረዛል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፣ አየር ያንሳል። ያን ጊዜ ጥቂት አሳ ይቆያል፣ ብዙ አሳ ግን ላይ ወጥቶ ያቃስታል።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ “ሁለት አሳ ግማሹን አኳሪየም መያዝ ፍትሕ ነው?” ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሴ ግን ይሄ ነው፦ የተቀደደው ክንፍ የኮሪዶራሱ ስለሆነ ቦታ ማግኘት ያለበት መጀመሪያ እሱ ነው። ክሪቤንሲሶቹ ቢወጡ የት ይሄዳሉ? ጫጩቶቹስ? ጥንዶቹ በወጡ ማግስት ኒዮኖቹ ጫጩቶቹን ለቅመው ይጨርሷቸዋል።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ሃሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ አራቱ ኮሪዶራሶች በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ባዶውን ወደተቀመጠው ትንሹ አኳሪየም ይዛወሩ። ከመዛወራቸው በፊት ግን ውሃውና ማጣሪያው ይዘጋጅላቸው፤ ከትልቁ አኳሪየም ማጣሪያ ትንሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ቢገባበት ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች አብረው ይሄዳሉ።

2ኛ፦ መሃል ላይ ድንጋይና የውሃ ተክል ይቀመጥ። ክሪቤንሲስ የማያየውን አያባርርም።

3ኛ፦ ምንም አዲስ አሳ አይጨመር።

4ኛ፦ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ቦታ እንደማይበቃቸው አውቃለሁ። ስለዚህ አኳሪየም ላላቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይሰጡ። ከዝርዝር ወረቀት ጋር፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ከማን ጋር እንደማይኖሩ ተጽፎ።

5ኛው የክበቡ ሳይሆን የሁላችንም ነው። በእረፍት ሰዓት መስታወቱን በጣታችሁ አታንኳኩ፣ ዳቦም አትጣሉበት። ዳቦ ውሃውን ያበላሻል። ክሪቤንሲስ ደግሞ በጣም ሲጨነቅ የራሱን ጫጩት ሊበላ ይችላል። አርባ ልጅ ተደርቦ መስታወት እየደበደበ “አሳው ክፉ ነው” ማለት አያምርም።

የተማርነው ሳይንስ መጀመሪያ እዩ፣ ቀጥሎ ምክንያቱን ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ ወስኑ ይላል። እዚህ ግን ከመጨረሻው ተጀምሯል። የክበቡ አባላት በሙሉ እስከ አርብ ድረስ በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ አኳሪየሙን ተመልከቱ፣ ያያችሁትንም ጻፉ። ከዚያ በኋላ እጅ ይውጣ። ብሸነፍም በዚህ መንገድ ከሆነ አልከፋም።

የተለየ ሃሳብ ያለው ተማሪ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፣ በደስታ አነባለሁ።

ከ7ኛ “ለ” ክፍል